ነጻ ፈቃድ፣ ኅብረተሰብና ክርስትና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው የሆነውን የሆነው በገዛ ምርጫው ነው ወይስ ያደገበት አካባቢ ቀርጾት? ጥያቄው ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ይነሳል፣ ዩኒቨርሲቲም ይነሳል፣ ቡና ላይም ይነሳል። ብዙውን ጊዜ ሰው መልሱን በሁለት ጎራ ይከፍለዋል። ክርስትና "ሰው ነጻ ነው" ይላል፤ ዓለማዊው ሶሲዮሎጂ (የኅብረተሰብ ጥናት) ደግሞ "ሰው የኅብረተሰቡ ውጤት ነው" ይላል ተብሎ ይታሰባል። እኔ በዚህ አከፋፈል አልስማማም። ክርክሩ በሁለቱም ቤት ውስጥ አለ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ጎረቤት ከጎረቤት ከሚጣላው በላይ ወንድም ከወንድሙ ተጣልቶበታል። ከታች ያሉት ዓመቶች "ዓ.ም." ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሶሲዮሎጂን በነጻ ፈቃድ ጉዳይ ምን አገባው?

ነገሩ የጀመረው በቁጥር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ ስለ ፓሪስ ፖስታ ቤት አንድ ነገር ልብ አለ። በአድራሻ ችግር ለባለቤታቸው ሳይደርሱ የሚቀሩት ደብዳቤዎች ብዛት ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለዋወጥም። እስቲ አስቡት። አድራሻ ማበላሸትን ማንም አያቅድም፣ ማንም አያዝም። እያንዳንዱ ሰው የተሳሳተው በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሲደመር ግን በዓመታዊ ዕቅድ የተያዘ ይመስላል።

ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ ይህን ሐሳብ ወደ ወንጀል ወሰደው። በ1835 ባሳተመው ሥራ የፈረንሳይን የወንጀል መዝገብ አገላብጦ የግድያው ብዛት ብቻ ሳይሆን ሰው የተገደለበት መሣሪያ ዓይነት ሳይቀር በየዓመቱ ተቀራራቢ መሆኑን አሳየ። ከዚያም አልፎ ወንጀሉን የሚያዘጋጀው ኅብረተሰቡ ነው፣ ወንጀለኛው አስፈጻሚ ብቻ ነው እስከማለት ደረሰ። በጊዜው ብዙ ሰው ተቆጣ። ሰውየው ዕጣ ፈንታን በቁጥር አስመስሎ እየሰበከ ነው ተባለ።

በ1897 ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ኤሚል ዱርካይም መጣ። የአይሁድ ረቢ ልጅ ነው፣ እሱ ራሱ ግን እምነቱን ትቷል። የመረጠው ርዕስ ራስን ማጥፋት ነበር። ከዚህ የበለጠ የግል ውሳኔ ከየት ይገኛል? ዱርካይም ግን ቁጥሩ በፕሮቴስታንቶች ዘንድ ከካቶሊኮች፣ ባላገቡት ዘንድ ካገቡት እንደሚበልጥ አሳየ። ምክንያቱንም ከየሰዉ ሆድ ሳይሆን ከሰዎች ትስስር ፈለገው። ሰውን ከወገኑ ጋር የሚያያይዘው ነገር ሲላላ ቁጥሩ ይጨምራል አለ። በካቶሊክ አገሮች ሞቱ በሌላ ምክንያት ይመዘገብ ነበር የሚል ትችት በኋላ ተነስቶበታል፤ ትችቱ ውኃ ያነሳል። ጥያቄው ግን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። "እኔ ወሰንኩ" የምለውን ነገር እኔን የማያውቅ ሰው በቁጥር ቀድሞ ካወቀው፣ ውሳኔው ምን ያህል የእኔ ነው?

ታዲያ ሶሲዮሎጂ "ሰው ነጻ አይደለም" ብሏል ማለት ነው?

አላለም። ቢያንስ በአንድ ድምፅ አላለም። የዱርካይም ቁጥር ስለ ብዙኃኑ እንጂ ስለ አቶ እገሌ አይናገርም። ከመቶ ሺህ ሰው ስንቱ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ማን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

ጀርመናዊው ማክስ ቬበር ደግሞ ከሌላ ጫፍ ጀመረ። ሰው ለሚያደርገው ነገር የሚሰጠውን ትርጉም ካልተረዳችሁ ድርጊቱን አልተረዳችሁትም አለ። ማርክስ እንኳ፣ ያ ሁሉን በኢኮኖሚ ይፈታል የሚባለው ሰውዬ፣ በ1852 ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፣ ብቻ ሁኔታውን አይመርጡም ብሎ ጽፏል። ፈረንሳዊው ቡርዲዩ ወደ ቤት ውስጥ ገባ። አነጋገራችን፣ አበላላችን፣ "ይሄ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይሆንም" የሚለው ስሜታችን ሳይቀር ካደግንበት ቤት የሚወረስ ነው ይላል።

ከዓለማዊዎቹ መሀል ደግሞ ዣን ፖል ሳርትር አለ። ፈላስፋ ነው፣ ሶሲዮሎጂስት አይደለም፤ ግን እዚህ ቦታ አለው። በ1945 ፓሪስ ላይ ባደረገው ንግግር፣ እግዚአብሔር ከሌለ ሰውን አስቀድሞ የቀረጸው ማንም የለም፣ ስለዚህ ሰው ነጻ እንዲሆን ተፈርዶበታል አለ። ሰበብ የሚባል ነገር የለም። ነጻ ፈቃድን በዚህ ልክ ያከረረ ሰባኪ በእኛም ሰፈር ሰምቼ አላውቅም።

ክርስትና ግን በነጻ ፈቃድ ያምናል፣ አይደል?

የትኛው ክርስትና?

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ነገሩ ግልጽ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 15 ላይ እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርበዋል፣ እጅህን ወደምትወደው ስደድ ይላል። ሕዝቅኤል 18 አባቶች መራራ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን ተረት ከእንግዲህ አትተርቱም ይላል። ከጥንተ አብሶ (ከአዳም በደል) በኋላ ሰው ተጎድቷል፤ ፈቃዱ ግን አልሞተም። ጸጋ ይቀድማል፣ ይረዳል፤ ሰው ደግሞ እሺ ወይም እምቢ ይላል።

በምዕራቡ ግን ሌላ ታሪክ አለ። አውግስጢኖስ (354–430) ከጲላጊዮስ ጋር ተከራከረ። ጲላጊዮስ ሰው ከፈለገ ሳይበድል መኖር ይችላል የሚል መነኩሴ ነበር። አውግስጢኖስ ደግሞ ፈቃዳችን አለ፣ ግን ታማለች፤ ያለ ጸጋ ወደ በጎ አትነሳም አለ። በ418 የቅርጣግና ጉባኤ የጲላጊዮስን ትምህርት አወገዘ። ከሺህ ዓመት በኋላ ክርክሩ ተመልሶ መጣ። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በ1524 ስለ ነጻ ፈቃድ ጻፈ፤ ሉተር በቀጣዩ ዓመት ፈቃዳችን ባሪያ ናት ብሎ መለሰለት። በ1618 የተጀመረው የሆላንዱ የዶርድሬክት ጉባኤ ደግሞ ሰው ጸጋን እምቢ ሊል ይችላል የሚሉትን የአርሚንዮስን ተከታዮች አውግዞ የካልቪንን መስመር አጸና። እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ መርጧል የሚለው መስመር ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ጥብቅ ካልቪናዊና አንድ ጥብቅ ማርክሲስት ቢገናኙ፣ ስለ ሰው ምርጫ አቅም ከሚያስቡት በላይ ይግባባሉ። በእኛም አገር መካነ ኢየሱስ የሉተር ልጅ ናት፤ መሠረተ ክርስቶስ ደግሞ ከሜኖናይቶች የመጣች ናት፣ እነሱ ሰው አውቆና መርጦ ይጠመቅ ያሉ ሰዎች ናቸው። ቴሌግራም ላይ ወጣቶቹ ስለ "ቅድመ ውሳኔ" ሲነታረኩ የሚያመሹት ያለ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ቬበር ይመለሳል። በ1904 እና 1905 ባወጣው ጥናት አንድ የሚያስቅ ነገር አሳየ። ምርጫው አስቀድሞ አልቋል ብለው ያመኑ ካልቪናውያን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። "ከተመረጡት ነኝ ወይ?" የሚለው ጭንቀት ከማንም በላይ ሠራተኛ አደረጋቸው። ነጻ አይደለህም የሚል ትምህርት የማያርፍ ሰው ወለደ። በዝርዝሩ ቬበርን የሚሞግቱት ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ ሐሳቡ ግን እስከዛሬ ይነበባል።

"የአርባ ቀን ዕድሉ ነው" የምንለውስ የየትኛው ወገን ነው?

የማንኛቸውም አይደለም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ቤተ ክርስቲያን ይህን የልጅነት ጸጋ የሚገኝበት ቀን ትለዋለች እንጂ ዕድል የሚጻፍበት ቀን አትለውም። ዮሐንስ አፈወርቅም በዕጣ ፈንታ ማመንን አጥብቆ ነቅፏል። ሶሲዮሎጂም አይወደውም፤ "ዕድሉ ነው" ካላችሁ በኋላ ምክንያት የሚፈልግ ሰው አይኖርምና። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ያጽናናል፤ እዚያ ሲባል አልከራከርም።

በአንድ ምሳሌ ማየት አይቻልም?

ይቻላል። በኮንትራት ወደ ዓረብ አገር የምትሄደውን ልጅ እንውሰድ። አንድ የተወሰነች ሰው ሳትሆን፣ ሁላችንም የምናውቃት ዓይነት ልጅ ትሁን። ወሎ ገጠር ውስጥ አሥረኛ ክፍል ላይ አቁማለች። የአባቷ መሬት ለወንድሞቿ እንኳ አይበቃም። የጎረቤቷ ልጅ ሦስት ዓመት ሠርታ የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አልብሳለች። ደላላው መንደሩ ድረስ ይመጣል፣ ወጪውን ከደመወዝሽ ይቆረጣል ይላል። ማንም አላስገደዳትም። "ፈልጌ ነው" ትላለች፣ ከልቧ።

እዚያ ስትደርስ የምትገባው በከፋላ ሥርዓት ውስጥ ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ከቀጣሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ማዳሟ ክፉ ከሆነች ሥራ መቀየር እንደፈለጉ አይቻልም፤ ኮንትራቷን ጥላ ከጠፋች ሕገወጥ ትሆናለች። የአገሮቹ ሕግ ከጊዜ ወደ ጊዜ ተሻሽሏል፣ ግን ብዙ ሴቶች ዛሬም የሚኖሩት ኑሮ ይኸው ነው።

አሁን ማን ምን ይላል? ዓለማዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ "አመዛዝና መረጠች፤ ደመወዙ ከዚህኛው ይሻላል" ሊል ይችላል። ሌላው ዓለማዊ፣ መዋቅር የሚያየው፣ "ምርጫው የተሠራው ገና እሷ ሳትወለድ ነው" ይላል፤ የመሬቱን ጥበት፣ የዓለምን የቤት ሠራተኛ ገበያ፣ የከፋላን ሕግ ይቆጥርላችኋል። አንዱ ክርስቲያን ፓስፖርቷ ላይ እጁን ጭኖ "በሩ ተከፍቶልሻል፣ በእምነት ውጪ" ብሎ ይጸልይላታል። ሌላው ክርስቲያን ደግሞ ድኻን በሁለት ጫማ ስለሚሸጡት ሰዎች የጻፈውን ነቢዩን አሞጽን አውጥቶ፣ ኃጢአቱ የልጅቷ ሳይሆን የደላላውና የሕጉ ነው ይላል። አያችሁ፣ አራት ሰው ነው፤ መስመሩ ግን በአማኝና በማያምን መሀል አላለፈም።

አንድ ጥያቄ ግን ለአማኞቹ ብቻ ይቀራል። አንዳንድ ክርስቲያን ልጆች ሥራው እንዲገኝ ሲሉ ማተባቸውን ፈትተው፣ ፓስፖርታቸው ላይ የሙስሊም ስም አስጽፈው ሄደዋል። ስትመለስ ንስሐ ትገባለች? ምን ብላ? ነጻ ፈቃዷ ነበር ወይስ አልነበረም? እዚህ ላይ ሶሲዮሎጂስቱ ማብራሪያ ይሰጣል፣ መልስ ግን አይሰጥም። ሥራውም አይደለም።

"ጥፋቱ የኅብረተሰቡ ነው" ማለት ለኃጢአት ሰበብ መስጠት አይሆንም?

ሊሆን ይችላል። ዘፍጥረት 3 ላይ አዳም "ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት" አለ፤ ሴቲቱ እባቡን አለች። የመጀመሪያው "አካባቢዬ ነው" የሚል ክርክር ይሄ ነው፣ አልሠራም።

ግን ማስረዳትና ማመካኘት ለየቅል ናቸው። ጥሩ የንስሐ አባት ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አንድ ልጅ መጥቶ "ጠጪ ሆኛለሁ" ሲለው ዝም ብሎ ከመጽሐፍ ላይ ቀኖና አይቆርጥም። ስንት ዓመትህ ነው ይለዋል። ከማን ጋር ትውላለህ፣ ሥራህ ምንድን ነው፣ ቤት ውስጥ ማን ይጠጣል ይለዋል። ከዚያ በአቅሙ ይሰጠዋል፤ ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ብዙ ጊዜም "ከእነዚያ ልጆች ራቅ" የሚለውን። እያንዳንዱ ጥያቄ የሶሲዮሎጂ ጥያቄ ነው። ጳውሎስም "ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል" ሲል ስለ አካባቢ ኃይል ነው የተናገረው፤ አገሬውም ከአህያ ጋር ስለዋለች ጊደር የሚተርተው አለው፣ ታውቁታላችሁ። ልዩነቱ የሚመጣው በመጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ በኋላ ልጁ "በድያለሁ" ይላል፣ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይባላል። ዓለማዊው ትንታኔ ይህ ቦታ የለውም። ተጠያቂነትን ለሕግና ለሰው ያውቃል፤ ኃጢአትን የሚቀበል፣ ይቅር የሚልና እንደ አዲስ የሚያስጀምር ግን ከሰው በላይ ማንንም አያውቅም። ዋናው ልዩነት እኔ ሲመስለኝ እዚህ ነው፤ "ምን ያህል ነጻ ነን?" የሚለው ላይ ሳይሆን "ለማን ነው መልስ የምንሰጠው?" የሚለው ላይ።

በሌላ በኩል ኃጢአት የግል ብቻ ነው የሚለውም አይቆምም። አሜሪካዊው የሃይማኖት ምሁር ራይንሆልድ ኒቡር በ1932 ለየብቻቸው ደግ የሆኑ ሰዎች በቡድን ሲሆኑ ምን ያህል ጨካኝ እንደሚሆኑ ጻፈ። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1987 ባወጡት መልእክት "የኃጢአት መዋቅሮች" የሚል አገላለጽ ተጠቀሙ። ግን ወዲያው፣ መዋቅሮቹ የሰዎች የግል ኃጢአት ተጠራቅሞ የሠራቸው ናቸው አሉ። መዋቅርንም ሰውንም አልለቀቁም።

አንድ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ክርስቲያኖች ለምን በዚህ ነገር አይስማሙም?

ጥሩ ማሳያ አሜሪካ ውስጥ አለ። ማይክል ኤመርሰንና ክርስቲያን ስሚዝ የሚባሉ ሁለት ሶሲዮሎጂስቶች በ2000 አንድ ጥናት አሳተሙ። ነጭ ወንጌላውያን በጥቁሮችና በነጮች መካከል ያለውን የኑሮ ልዩነት በምን ያስረዱታል ብለው ጠየቁ። አብዛኞቹ በግለሰብ ነው ያስረዱት፤ ጥረት ማነስ፣ የቤተሰብ መፍረስ፣ የልብ አለመለወጥ። መፍትሔውም ያው ነው፦ ሰው ይዳን፣ ጓደኛ ይሁን። ጥቁር ክርስቲያኖች ደግሞ፣ ያንኑ ወንጌል እያመኑ፣ ስለ አድልዎ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ሥራ አወሩ። እምነታቸው አንድ፣ ስለ ኅብረተሰብ ያላቸው አመለካከት ግን የየኑሯቸው። "ሁሉም በግለሰብ ፈቃድ ነው" የሚለው አመለካከት ራሱ ከአካባቢ የተወረሰ ሆኖ ተገኘ፤ ዱርካይም ቢሰማ ፈገግ ይል ነበር።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ ወይም ዳላስ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሐበሾች ይህን ክርክር በየቤታቸው ያውቁታል። አባት "እኔ ታክሲ ነድቼ ነው እዚህ የደረስኩት፣ የሠራ ያልፍለታል" ይላል። እዚያው የተወለደችው ልጅ ከኮሌጅ መጥታ ስለ "ሲስተም" ታወራለታለች። ሁለቱም እሁድ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

በደርግ ጊዜ የተማርነው ነው ወይ ዓለማዊ ሶሲዮሎጂ ማለት?

አይደለም፣ ግን ግራ መጋባቱ ይገባኛል። በቀበሌ የውይይት ክበብ ታጉሮ ስለ ማርክስ ትምህርት የሰማ ሰው "ኅብረተሰብ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ወዲያው ካድሬ ትዝ ይለዋል። ያ የመንግሥት ዶግማ ነበር። ክርክር የማይፈቀድበት ነገር ሳይንስ አይባልም።

ደርግ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን የተሻለ መልስ የሰጠ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላከች። በጊዜው የውጭ ረጂዎች ለልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ሰውን ለሁለት አትክፈሉት አለ። ሆዱን ለብቻ፣ ነፍሱን ለብቻ ማገልገል አይቻልም፤ ውስጡ ካልተለወጠ ልማቱም አይዘልቅም፣ ረሃቡን ካላያችሁለትም ወንጌሉ ጎዶሎ ነው። በኋላ "ሁለንተናዊ አገልግሎት" የተባለው ሐሳብ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ለእኔ ከብዙ የአውሮፓ ጥራዝ ይልቅ ይህ አጭር ደብዳቤ ጉዳዩን ጠቅልሎ ይዞታል። ደርግ ጉዲናን ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አፍኖ ወስዶ ገደለው።

የአንጎል ሳይንስ ነጻ ፈቃድን ውድቅ አላደረገውም?

አላደረገም። የሚጠቀሰው የቤንጃሚን ሊቤት የ1983 ሙከራ ነው። ሰዎች በፈለጉት ቅጽበት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ተነገራቸው። አንጎላቸው ላይ ምልክት የታየው ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰከንድ ገደማ በፊት ነው፤ እነሱ "አሁን ልንቀሳቀስ ነው" ብለው ያወቁት ግን ከዚያ ዘግይተው ነው። ሊቤት ራሱ እንኳ ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት "ይቅር" የማለት ሥልጣን አለው ብሎ ያምን ነበር። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ምልክቱ ውሳኔ ላይሆን እንደሚችል አሳይቷል። እጅ ማንቀሳቀስና ትዳር መፍታት ደግሞ አንድ አይደሉም።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሶሲዮሎጂ ደረሰው። እምነቱን ያስጥለው ይሆን?

መጀመሪያ ነገር፣ እሱ አልመረጠውም፤ የዲፓርትመንት ምደባ ነው የሰጠው። ስለ ነጻ ፈቃድ የመጀመሪያውን ትምህርት ክፍል ሳይገባ ወስዷል።

ስለ እምነቱ ግን፣ በትምህርቱ ከታወቁት ሰዎች መሀል አማኞች እንዳሉ ይወቅ። ፒተር በርገር ሉተራን ነበር። በ1963 እኛን በክር ከሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ጋር አነጻጽሮን፣ አሻንጉሊቱ ቀና ብሎ ክሩን ማየት ከቻለ ነጻነቱ ከዚያ ይጀምራል አለ። ሶሲዮሎጂ ያንን ማየት ነው የሚያስተምረው። እንግሊዛዊቷ ማርጋሬት አርቸር ካቶሊክ ነበሩ፤ ከ2014 እስከ 2019 የቫቲካንን የማኅበራዊ ሳይንስ አካዳሚ መርተዋል። ዕድሜ ልካቸውን የጻፉት ስለዚሁ ነው፦ አንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ለምን የተለያየ ነገር ያደርጋሉ? መልሳቸው ሰው በውስጡ ከራሱ ጋር ስለሚነጋገር ነው የሚል ነው። ጸሎት የሚያውቅ ልጅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

በርገር ሌላም ምክር አለው። ሶሲዮሎጂስት በሥራው ላይ ሳለ እግዚአብሔርን እንደ ምክንያት አይጠቅስም፤ ቤቱ ሲገባ ግን ማመኑን አይከለክለውም። አንዳንድ መምህር ይህን የሥራ ደንብ ወስዶ "ስለዚህ እግዚአብሔር የለም" ይላል። ልጅዎ እዚያ ላይ እጁን አውጥቶ "ይሄ ከቁጥሩ ነው የመጣው ወይስ ከእርስዎ?" ብሎ ይጠይቅ። በጨዋነት ከሆነ ማርክ አይቀነስበትም።